ብርሃን የሚያልፍበት ፈሳሽ፦ በአያት ጣሪያዎች ላይ ኤሌክትሪክንና ሙቀትን አብሮ ስለ ማምረት

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



በቀላል ባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ አያት ድረስ የተጓዘ ሰው ሁለት ዓይነት ጣሪያ ያያል። በአንድ ወገን የግል መኖሪያ ቤቶች አሉ፤ ከእነርሱም በአንዳንዶቹ ላይ ጥቁር የመስታወት ቱቦዎች የተደረደሩበት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ከነታንከሩ ጉብ ብሎ ይታያል። በሌላው ወገን የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አሉ፤ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ፣ በውስጡ ብዙ ቤተሰብ፣ በላዩ ግን አንድ ጣሪያ ብቻ። ባለ ግል ቤቱ ቦታ አይቸግረውም፤ ማሞቂያውን በአንድ በኩል፣ ሶላር ፓኔሉን በሌላ በኩል ይተክላል። የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ግን ጣሪያው ለሁሉም ቢካፈል የሚደርሰው ጥቂት ካሬ ሜትር ነው። በዚያች ድርሻው ላይ ፓኔል ቢተክል ሙቅ ውሃው ይቀርበታል፤ ማሞቂያ ቢተክል ኤሌክትሪኩ ይቀርበታል። ከአንድ ካሬ ሜትር ሁለቱንም ማግኘት ይቻላል ወይ? የዛሬው ገለጻዬ ይህን ጥያቄ ይዞ ይነሣል፤ መልሱም፣ ብዙ ሰው ከማይጠብቀው ቦታ፣ ሙቀቱን ከሚሸከመው ፈሳሽ ቀለም ላይ የሚገኝ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ኤሌክትሪክንና ሙቀትን አብሮ የሚያመርተውን መሣሪያ ድቅል ሥርዓት ብለን እንጥራው። ቀላሉ ድቅል ሥርዓት ከሶላር ፓኔሉ ጀርባ ቧንቧ ለጥፎ ውሃ ማስተላለፍ ነው። የሚሰጠው ምክንያትም ጥሩ ይመስላል። የሲሊከን ፓኔል ካረፈበት ብርሃን አንድ አምስተኛውን ያህል ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ የቀረው አብዛኛው ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ደግሞ ፓኔሉን ይጎዳዋል፤ የሕዋሱ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ምርቱ በ0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው ፓኔሉን ያቀዘቅዛል፣ ራሱም ይሞቃል፤ ባንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይባላል።

ነገር ግን ቁጥሮቹን ቀረብ ብለን እንመርምር። በአዲስ አበባ የቀትር አየር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ በነፋሻማ ጣሪያ ላይ ያለ ፓኔል 50 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ለገላ መታጠቢያ የምንፈልገው ውሃ ደግሞ 50 ዲግሪ ነው። ውሃው 50 ዲግሪ እንዲሆን ከፓኔሉ ሙቀት የሚወስድ ከሆነ ፓኔሉ ከ50 በላይ መሆን አለበት፤ ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንጂ ወደ ኋላ አይፈስምና። እንግዲህ ማቀዝቀዙ የት አለ? ውሃው ለብ ብሎ ከወጣ ፓኔሉ ይጠቀማል፣ ባለቤቱ ግን በለብታ ይታጠባል፤ ውሃው ሞቆ ከወጣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ ፓኔሉ ግን እንዲያውም ከብቻው ቢሆን ከሚሞቀው በላይ ይሞቃል። ለሠመራ ወይም ለጋምቤላ ሙቀት የተጻፈውን ጥቅም ወደ አያት ቀጥታ ማምጣት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ የቧንቧ ሥራ ጥራት አይደለም። ሙቀቱንና ኤሌክትሪኩን ከአንድ አካል፣ በአንድ የሙቀት መጠን እንዲወጡ ማስገደዳችን ነው።

መውጫው ብርሃኑን ሕዋሱ ላይ ከመድረሱ በፊት መከፋፈል ነው። ይህንንም ለመረዳት የሲሊከንን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የፀሐይ ብርሃን ከ300 እስከ 2,500 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ክልል ውስጥ አብዛኛውን ኃይሉን ይዞ ይመጣል። ሲሊከን ኤሌክትሮንን ለማስነሣት 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ይጠይቃል፤ ይህም ከ1,100 ናኖሜትር ገደማ ጋር ይመጣጠናል። ተማሪዎቼ እንዲይዙት ሲሊከንን መልስ ከማይሰጥ የታክሲ ረዳት ጋር አመሳስለዋለሁ። ታሪፉ 1.12 ነው። ከታሪፉ ያነሰ የያዘ ፎቶን አይሳፈርም፤ ከ1,100 ናኖሜትር በላይ ያለው ታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ጨረር በሙሉ እንዲህ ነው፤ ከፀሐይ ኃይል አንድ አምስተኛውን ያህል ይሆናል። ከታሪፉ እጥፍ የያዘ ሰማያዊ ፎቶን ደግሞ ይሳፈራል፣ መልሱ ግን አይመለስለትም፤ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሲሊከን በደንብ የሚጠቀምበት ብርሃን እንግዲህ ከታሪፉ እምብዛም የማይበልጥ፣ ከ700 እስከ 1,100 ናኖሜትር ያለው ነው።

ከሕዋሱ ፊት፣ በሁለት መስታወቶች መካከል፣ ስስ የፈሳሽ ንብርብር እናስቀምጥ። ፈሳሹ ለሲሊከን የማይጠቅመውን ብርሃን መጥጦ ይሙቅ፤ የሚጠቅመውን ያሳልፍ። አሁን ፈሳሹ ሙቀቱን የሚያገኘው ከሕዋሱ ሳይሆን ከፀሐይ በቀጥታ ነው፤ ስለዚህ በመካከላቸው የአየር ክፍተት ካለ ፈሳሹ ከሕዋሱ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ቅድም ያየነው ተቃርኖ እዚህ ላይ ይፈታል። ፈሳሹ መጀመሪያ ከሕዋሱ ጀርባ አልፎ ለብ ይላል፤ ቀጥሎ ወደ ፊት ዞሮ በብርሃን ይሞቃል፤ ሕዋሱ የሚያገኘው ቀዝቃዛውን ነው፣ ባለቤቱ የሚያገኘው ሙቁን ነው።

ይህን ሥርዓት ከተለመደው ማሞቂያ የሚለየው አንድ ነገር አለ። በአያት ጣሪያዎች ላይ በምናያቸው ቱቦዎች ውስጥ ያለው ውሃ ብርሃን አይቶ አያውቅም። ብርሃኑን የሚመጥጠው በቱቦው ላይ ያለው ጥቁር ቅብ ነው፤ ውሃው ሙቀቱን ከቅቡ ይወስዳል። ስለዚህ ውሃው ጠራ፣ ደፈረሰ፣ ቢጫ ሆነ፣ ለምርቱ ለውጥ የለውም። መሐንዲሶች ስለ ሙቀት ተሸካሚ ፈሳሽ ሲጠየቁ ሙቀት የመያዝ አቅሙን፣ ወፍራምነቱን፣ የሚፈላበትንና የሚረጋበትን ዲግሪ እንጂ ቀለሙን የማይናገሩት ከዚህ የተነሣ ነው። ፈሳሹ በብርሃን መንገድ ላይ ሲቆም ግን የብርሃን ጠባዩ ከሁሉ ይቀድማል።

ውሃን እንውሰድ። ለዓይናችን ቀለም የለውም፤ ለታሕተ ቀይ ጨረር ግን እንደ ቀለም ውሃ ነው። አንድ ፈሳሽ ብርሃን የሚመጥጥበትን አቅም በሴንቲሜትር እንለካ፤ የሚያልፈው ብርሃንም ንብርብሩ በወፈረ ቁጥር በማያቋርጥ ንጽጽር እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ይህም የቤርና የላምበርት ሕግ ነው። ውሃ በ500 ናኖሜትር ላይ ከምንም አይቆጠርም፤ በሜትር የሚቆጠር ውፍረት ካልሆነ አይመጥጥም። በ970 ናኖሜትር ላይ አቅሙ በሴንቲሜትር 0.45 ገደማ ነው፤ በ1,200 ላይ ከ1 ትንሽ ይበልጣል፤ በ1,450 ላይ ግን ወደ 30 ይጠጋል። ይህ ማለት በ1,450 ላይ አንድ ሚሊሜትር ውሃ ብቻ ከ90 በመቶ በላይ ይይዛል ማለት ነው። በ970 ላይ ደግሞ አንድ ሴንቲሜትር ውሃ 64 በመቶውን፣ ሁለት ሴንቲሜትር 41 በመቶውን ብቻ ያሳልፋል። ያስተውሉ፤ 970 ናኖሜትር ሲሊከን በጣም የሚወደው ብርሃን ነው። ንብርብሩን ያወፈረ ሰው የረባ ሙቀት ሳይጨምር ከሕዋሱ አፍ ይነጥቃል። በእኔ አስተያየት ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ መሄድ ስሕተት ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ይበቃል።

ሆኖም ውሃ ብቻውን ብዙ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2009 ቶድ ኦታኒካርና ባልደረቦቹ ውሃን፣ ኤትሊን ግላይኮልን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮልንና በኢንዱስትሪ የሚታወቀውን ቴርሚኖል ቪፒ-1 የተባለ ዘይት በብርሃን መርምረው ነበር። ከአራቱ ብርሃን በመምጠጥ የተሻለው ውሃ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ቢሆን ከፀሐይ ኃይል 13 በመቶውን ብቻ ነው የያዘው። ከሰማያዊው ወገን የሚባክነውን ኃይል ውሃ አይነካውም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ቢያርፍ ውሃው 130 ዋት ያህል ይወስዳል፤ የቀረው ሙቀት አሁንም ከሕዋሱ ጀርባ መሰብሰብ አለበት።

አሁን ወደ እንጦጦ ቀና እንበል። በተራራው ላይ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ቴሌስኮፖች አሉ። የሥነ ፈለክ ባለሙያ ከፍታን ከሚወድባቸው ምክንያቶች አንዱ ከራሱ በላይ የሚቀረው የውሃ ተን ማነሱ ነው፤ ተኑ ታሕተ ቀዩን ጨረር ይበላበታልና። የእኛም ጉዳይ ይኸው ነው። በአየር ውስጥ ያለ የውሃ ተን በ940፣ በ1,130፣ በ1,380 እና በ1,870 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃንን ይመጥጣል። ፈሳሽ ውሃ ግን በ970፣ በ1,200፣ በ1,450 እና በ1,940 ነው። ሁለቱም ያው ውሃ ሆነው ለምን ተለያዩ? በፈሳሹ ውስጥ እያንዳንዱ ሞለኪውል በሃይድሮጅን ትስስር ከጎረቤቱ ጋር ስለሚያያዝ የአተሞቹ ንዝረት ይዘገያል፤ የሚመጥጠውም ብርሃን ወደ ረዥሙ ሞገድ ይሸሻል። ይህ መዛነፍ ለእኛ በረከት ነው። ሁለቱ በትክክል ቢገጣጠሙ ኖሮ ከባቢ አየሩ አስቀድሞ የወሰደውን ብርሃን ፈሳሹ ባዶ እጁን ይጠብቀው ነበር። በተጨማሪም በበጋ፣ በደረቁ ወራት፣ በከፍታችን ላይ ያለው ተን ስለሚቀንስ ወደ አያት ጣሪያ የሚደርሰው ታሕተ ቀይ ከዝቅተኛውና ከእርጥበታማው አገር ይበልጣል። በመጽሐፍ የሚገኘው መደበኛ የፀሐይ ስፔክትረም ለእኛ የተሰፋ ልብስ አይደለም።

ከፍታው የሚሰጠውን ያህል ይነሣል። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በእንጦጦ ራስ ላይ ከ90 በታች ይወርዳል። ውሃው ከመፍላቱም በፊት የሟሟበት አየር በሙቀት ተገፍቶ አረፋ ይሆናል፤ በብርሃን መንገድ ላይ ያለ አረፋ ደግሞ ብርሃኑን ይበትናል። በጥቁር ቱቦ ውስጥ የማይታወቅ ችግር በዚህ ሥርዓት ውስጥ የምርት ኪሳራ ነው። በመስታወቱ ላይ የሚጋገር ኖራም እንዲሁ። በአንጻሩ ብዙዎች የሚፈሩት የመስታወት ነጸብራቅ ያን ያህል አያስፈራም፤ መስታወት ከአየር ጋር በሚገናኝበት ፊት 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመለሳል፣ ከውሃ ጋር በሚገናኝበት ግን የስብረት መጠናቸው ስለሚቀራረብ ከግማሽ በመቶ በታች ነው።

ከዚያ ደግሞ ሌሊቱ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ጣሪያ ላይ ያለ መስታወት ሙቀቱን ወደ ጠፈር እየረጨ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። በእንጦጦ ግርጌ ውርጭ ያየ ሰው አየሩ ገና ከዜሮ በላይ ሳለ ሣሩ ነጭ ሆኖ እንደሚያድር ያውቃል። በሁለት መስታወት መካከል የረጋ ስስ ውሃ መስታወቱን ይሰብረዋል። ስለዚህ የሚረጋበትን ዲግሪ የሚያወርድ ነገር፣ አንቲፍሪዝ፣ መጨመር ግድ ይሆናል። ሠላሳ በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበት ውሃ እስከ 13 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም፤ ለአያት ከበቂ በላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከሶማሌ ተራ የሚገዛው የመኪና አንቲፍሪዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በሁለት ምክንያት። አብዛኛው ኤትሊን ግላይኮል ስለሆነ መርዛማ ነው፤ ከመታጠቢያ ውሃ ጋር በአንድ ቤት ቧንቧ መገናኘት የለበትም። ሁለተኛው ምክንያት አረንጓዴ ወይም ቀይ መሆኑ ነው። ቀለሙ የተጨመረው ሰው እንዲለየውና መፍሰሱን እንዲያይ ነው፤ ለመኪና ራዲያተር ጉዳት የለውም። ለእኛ ግን ያ ቀለም በፓኔሉ ፊት የተጋረደ መጋረጃ ነው።

ቀለም የሌለው ግላይኮልም ቢሆን ለዘላለም እንደጠራ አይኖርም። ሙቀትና ኦክስጅን ሲያገኙት ይበላሻል፤ እንደ ፎርሚክና አሴቲክ ያሉ አሲዶች ይወልዳል፤ ቀለሙም ከጥራት ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ሻይ መልክ ይሄዳል። ከአንድ ጎረቤቴ ማሞቂያ ለዓመታት ሳይቀየር የቆየ ፈሳሽ በጠርሙስ ቀድቼ ነበር፤ ለተማሪዎች ሳሳየው ጠላ መሰላቸው። ጎረቤቴ ምንም አልጎደለበትም፣ ውሃው ይሞቃል። ያ ፈሳሽ ግን በድቅል ሥርዓት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን በልቶ ለፓኔሉ ቀዩን ብቻ ይተውለት ነበር። ይህ ሁልጊዜ ክፋት ነው ወይ? በፍጹም። ሰማያዊው ፎቶን መልሱን የማይቀበለው ተሳፋሪ ነው ብለናል፤ ፈሳሹ እርሱን መምጠጡ ሙቀት ፈላጊውን ይጠቅማል። ክፋቱ ለውጡ ያለ እኛ ፈቃድ፣ እኛም ሳንለካው መምጣቱ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ገላ መታጠቢያ ውሃ ነው። የአገራችን ከባዱ ጭነት ግን ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ እንጀራ ለመጋገርም ምጣዱ 200 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ገንዳ በሚመስል መስታወት ብርሃንን ሰብስበው፣ በዘይት አጓጉዘው፣ ቤት ውስጥ ምጣድ ለማሞቅ ሞክረዋል፤ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲም ከኖርዌይ ባልደረቦች ጋር በእንፋሎትና በሚቀልጥ ጨው ሙቀት ማቆየት ተሞክሯል። እነዚህ ሥራዎች በፀሐይ እንጀራ መጋገር እንደሚቻል አሳይተዋል። ኤሌክትሪክን ጨምሮ ድቅል ማድረግ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በ200 ዲግሪ የሚሠራው ዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ ደካማ ማጣሪያ ነው። በውስጡ ያለው የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር በ1,200፣ በ1,400 እና በ1,700 ናኖሜትር አካባቢ በጠባብ በጠባቡ ይመጥጣል፤ በመካከሉ ያለውን ያሳልፋል።

ይህን ድክመት ለመሙላት በዘይቱ ውስጥ የብረት ቅንጣት የመበተን ሐሳብ መጣ፤ ናኖፍሉይድ ይሉታል። የብር ቅንጣት በ400 ናኖሜትር፣ የወርቅ ቅንጣት በ520 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃንን አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ቅንጣቱን በመምረጥ የፈሳሹን ቀለም እንደ ልብስ ማዘዝ ይቻላል። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ እኔም ወጣት ሳለሁ በጣም ማርኮኝ ነበር። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ይህ ልኬት የተወሰደው በስንተኛው ሰዓት ነው? ቅንጣቶች ሲሞቁ ይገናኛሉ፣ ይጓጉላሉ፣ ይዘቅጣሉ፤ ቀለሙም አብሮ ይዘቅጣል። ፈሳሹ በተሠራ ዕለት የተወሰደ ስፔክትረም የሙሽራ ፎቶግራፍ ነው፤ እኔ ማየት የምፈልገው ከሺህ ሰዓት በኋላ ያለውን መልክ ነው።

ይህ ሥራ በእኛ ላቦራቶሪ ሊሠራ እንደሚችል ለተማሪዎች ልንገር። የሚያስፈልገው እስከ 2,500 ናኖሜትር የሚለካ ስፔክትሮፎቶሜትርና የተለያየ ውፍረት ያላቸው ሁለት ኩቬቶች ናቸው። ሁለት የሆኑበት ምክንያት አለው። በአንድ ኩቬት ብቻ ብንለካ የመስታወቱ ነጸብራቅ ከፈሳሹ ምጠጣ ጋር ይቀላቀልብናል። በሁለት ውፍረት ለክተን አንዱን ለሌላው ስናካፍል የመስታወቱ ድርሻ ይሰረዛል፤ የሚቀረው የፈሳሹ ብቻ ነው። ከዚያ ያንኑ ፈሳሽ ጣሪያ ላይ አሙቆ፣ በየወሩ ቀድቶ እንደገና መለካት ነው። ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ክረምቱ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ በቀጥታ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ነው። የነሐሴው ግን በደመና ይሸፈናል። ደመና የውሃ ጠብታ ነው፤ ታሕተ ቀዩን አስቀድሞ ይቀንሰዋል። ማለትም በክረምት የማጣሪያችንን ሥራ ሰማዩ ራሱ ሠርቶት ይጠብቀናል፤ ፈሳሹ የሚይዘው ያጣል። ብርሃን ሰብሳቢ መስታወት ያለው ሥርዓት ደግሞ ቀጥተኛ ጨረር ስለሚሻ ጭራሹን ሥራ ይፈታል። ለአያት ጠፍጣፋው ሥርዓት የተሻለ ነው የምለው በዚህ ነው።

ጥያቄ ከተሳታፊ፦ መምህር፣ እኔ የምኖረው እዚሁ አያት ኮንዶሚኒየም ነው። የሕንፃችን ኮሚቴ ዘንድሮ ጣሪያው ላይ አንድ ነገር እንትከል እያለ ነው። እርስዎ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ዘንድሮ ከሆነ ድቅሉን አልመክርም። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። መቶ ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 50 ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በጥሩ የበጋ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ብርሃን ያርፋል፤ የተለመደው ማሞቂያ ግማሹን ቢይዝ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ኮሚቴው ጣሪያውን ይለካና ለሁሉም ቤተሰብ ይህን ያህል መድቦ የሚተርፍ እንዳለ ይይ። ከተረፈ በተረፈው ላይ ተራ ፓኔል ይተክል፤ ሁለቱንም የሚጠግን ባለሙያ በአቅራቢያችሁ አለ። ካልተረፈ ያን ጊዜ ድቅሉ የእናንተ ጉዳይ ይሆናል፤ ነገር ግን በፊቱ የሚሞላው ፈሳሽ በበጋውም በክረምቱም ጣሪያ ላይ ከርሞ ስፔክትረሙ ምን እንደሚመስል ሳናይ የሰው ገንዘብ ማስወጣት አልፈልግም። ሦስት ጠርሙሶች አሁን ጣሪያ ላይ ናቸው፤ አንደኛው ንጹሕ ውሃ፣ ሁለተኛው ውሃና ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ሦስተኛው ዘይት። የሚቀጥለው ልኬት ከመስቀል በኋላ ነው፤ ከኮሚቴያችሁ አንድ ሰው ቢመጣ በሩ ክፍት ነው።